ደብተር አስቀምጦ ቦታ መያዝ

ፈተና ሲቃረብ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ትዕይንት አይረሳውም። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ወንበሮቹ በሙሉ ተይዘዋል፤ ሰው ግን የለም። ጠረጴዛዎቹ ላይ የተቀመጡት ደብተሮች ናቸው። አንዳንዱ ደብተር ላይ ሹራብ ተደርቦበታል፣ አንዳንዱ አጠገብ ባዶ የውሃ ላስቲክ ቆሟል። ባለቤቶቹ ወይ ቁርስ ላይ ናቸው፣ ወይ ዶርም ተመልሰው ተኝተዋል። ደብተሩ ግን "እዚህ ሰው አለ" ይላል። እኛም እናምነዋለን፤ ለጊዜው። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ማጉረምረም እንጀምራለን። ሁለት ሰዓት ሲሞላ አንዱ ደፋር ይመጣና ደብተሩን ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ ይቀመጣል። ማንም አይቆጣውም።

ጋዜጠኝነት ስንማር የማስታወቂያ ኮርስ ነበረን። አስተማሪያችን አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ፖዚሽኒንግ" ብሎ ጻፈና ትርጉሙን በሦስት መስመር እንግሊዝኛ አስገለበጠን። እኔ የታየኝ ያ ደብተር ነው። እስከ ዛሬም ከዚያ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም፤ ቦታ መያዝ።

ልዩነቱ ወንበሩ ያለበት ላይ ነው። ኩባንያም ሆነ ከተማ የሚሻማበት ወንበር ያለው ሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። አንተ ስለ ራስህ የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ስምህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ደግሞ ሌላ። ቦታህ ሁለተኛው ነው። እናላችሁ ዛሬ የማወራው ይህን ቦታ ስለያዙና ስላጡ ሰዎች ነው፤ ከሩቅ እጀምርና አገር ቤት እገባለሁ። (ማሳሰቢያ፦ ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ ናቸው፤ ኋላ ላይ በሰባትና በስምንት ዓመት እንዳንጨቃጨቅ።)

"ሁለተኛ ነን"

ቃሉን ያስፋፉት ጃክ ትራውትና አል ራይስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የማስታወቂያ ሰዎች ናቸው። ትራውት በ1969 ስለ ጉዳዩ ጻፈ፤ በ1972 ሁለቱ ሆነው አድቨርታይዚንግ ኤጅ በተባለው መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፍ አወጡ፤ በ1981 መጽሐፍ አደረጉት። ሐሳባቸው ሲጠቀለል ይህን ይመስላል። ሰው በቀን የሚጮህበት ማስታወቂያ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ስለዚህ ጭንቅላቱ በሩን ይዘጋል። ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት አንድ ትንሽ መሰላል ያቆማል፤ ለሳሙና አንድ፣ ለቢራ አንድ። ከላይኛው እርከን ያለውን ስም ያስታውሳል፣ ሁለተኛውን ምናልባት፣ ሰባተኛውን ፈጽሞ። ስለዚህ እንደ አዲስ መጮህ ዋጋ የለውም፤ ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ አስቀድሞ ካለው ነገር ጋር መያያዝ ይሻላል።

ሁለቱ ሰዎች ስም ሳይሰጡት በፊት ግን ነገሩ ተሠርቶበታል። ኤቪስ የተባለው የአሜሪካ መኪና አከራይ በ1962 ከኸርትዝ ኋላ የተቀመጠ፣ ለ13 ዓመት ሲከስር የኖረ ድርጅት ነበር። አዲሱ ኃላፊ ሮበርት ታውንሴንድ ዶይል ዴን በርንባክ ወደሚባለው የማስታወቂያ ድርጅት ሄደ። እዚያ የምትሠራ ፓውላ ግሪን የተባለች ጸሐፊ ይዛው የመጣችው መፈክር ሲፈታ "ሁለተኛ ስለሆንን የበለጠ እንተጋለን" የሚል ነው። ገንዘብ ከፍሎ "አንደኛ አይደለሁም" ብሎ ማስነገር! በዘመኑ እንደ እብደት ነበር። በዓመቱ ኩባንያው ማትረፍ ጀመረ። መፈክሩም እስከ 2012 ድረስ ለ50 ዓመት አገለገለ።

ምስጢሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኤቪስ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እውነት አልካደም። ሁለተኛውን ግን ብዙዎች ይዘሉታል። ማስታወቂያዎቹ ስለ ቆሸሸ የሲጋራ መተርኮሻና ነዳጁ ስላልሞላ መኪና ያወሩ ነበር፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አይፈቀድም እያሉ። ይህ ማለት አንድ ደንበኛ መኪና ተከራይቶ መተርኮሻውን በከፈተ ቁጥር መፈክሩ ፈተና ላይ ይቀመጣል። ደብተሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ባለቤቱም መጥቶ መቀመጥ አለበት።

ልብ የተሳለላት ከተማ

ወደ ከተማ እንምጣ። ኒው ዮርክ በ1975 ልትከስር አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር። ከሥራ ልንባረር ነው ያሉ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበራት በዚያ ዓመት ለጎብኚ የሚታደል አንድ ቀጭን መጽሔት አሳተሙ። ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል አለ፤ ርዕሱ "እንኳን ወደ ፍርሃት ከተማ በደህና መጡ" የሚል ነው። ውስጡ ከመሸ በእግር አትሂዱ፣ የምድር ባቡር አትሳፈሩ ይላል። የገዛ ፖሊሶቿ እንዲህ ካሉ ባዳው ምን ይል?

በጁላይ 1977 ደግሞ መብራት ጠፋ። (እኛ "ታዲያ ምን ይጠበስ?" እንላለን፤ እነሱ ግን በአንድ ሌሊት ሱቅ ሲዘረፍና ሰፈር ሲቃጠል አደሩ።) በዚያው ዓመት ነው የኒው ዮርክ ግዛት ንግድ መሥሪያ ቤት ዌልስ ሪች ግሪን የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት ቀጥሮ ዘመቻ የጀመረው። ምልክቱን የሠራው ሚልተን ግሌዘር ነው፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ በቀይ እርሳስ ፖስታ ላይ ሞነጫጨረው። አንድ ፊደል፣ አንድ ቀይ ልብ፣ ሁለት ፊደል። ክፍያም አልተቀበለበትም። ዛሬ መርካቶ የሚሸጥ ካናቴራ ላይ ሳይቀር የምታዩት እሱ ነው።

የሚረሳው ግን ልቡ ብቻውን አለመሥራቱ ነው። ዘመቻው ሁሉንም የከተማዋን ነገር ለመሸጥ አልሞከረም፤ አንድ ነገር መረጠ፤ የብሮድዌይን ቲያትር። ተዋንያኑ ራሳቸው በቴሌቪዥን ወጥተው ዘፈኑ። ያ ደግሞ እውነት ነበር፤ ወንጀል በበዛበት ጊዜም ቲያትሩ አልተዘጋም። ሆኖም ልቡ ወንጀሉን አላቆመውም። በ1990 ከተማዋ ውስጥ በአንድ ዓመት ከ2,200 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ምልክቱ ያደረገው ወንበሩን መያዝ ነው፤ ከተማዋ ተመልሳ እስክትቀመጥ ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል።

የጳጉሜ ልጆች

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ የኛም አለን። እንዲያውም ትራውትና ራይስ ብዕር ከማንሳታቸው በፊት የጀመረ።

በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅት ሲቋቋም መሪው ኃብተሥላሴ ታፈሰ የሚባሉ ወጣት ነበሩ፤ በ2017 ሲያርፉ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት እየተባሉ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ከባድ ነበር። አፍሪካን ሊጎበኝ የሚነሳ ፈረንጅ ጭንቅላት ውስጥ ያለው አንበሳና ዝሆን ነው፤ ያ ወንበር ደግሞ በኬንያ ተይዟል። ኃብተሥላሴ አንበሳ ፍለጋ አልሄዱም። ወደ ቀን መቁጠሪያችን ሄዱ። ባለ 30 ቀን አሥራ ሁለት ወር፣ ከዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜ። ለኛ ጳጉሜ ደሞዝ የማይከፈልባት ወር ናት። እሳቸው ግን "የ13 ወር ጸጋ" አሏት፤ በእንግሊዝኛው የ13 ወር ፀሐይ። በአንድ መስመር አገሪቱ ከማንም የተለየች ሆነች። (እርግጥ ጳጉሜ ዝናብ ናት። ሐምሌና ነሐሴንም ለቱሪስቱ ማን ይንገረው? ይሁን።) ከጀርባዋም የሚታይ ነገር ነበር፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች ነበሩ።

ሁለተኛው ወንበር የአየር መንገዳችን ነው። በ1945 ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ፤ በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያኔ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው መንገዱ በለንደን ወይም በፓሪስ ነበር፤ ቅኝ ገዢዎቹ መስመሩን የዘረጉት ወደ ራሳቸው ነዋ! አየር መንገዱ በ1960 አክራና ሞንሮቪያ ድረስ በረረ። ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ይሄ ነበር፤ ከአፍሪካ ወደ አፍሪካ የሚወስድ። "አፍሪካን የሚያቀራርብ" የሚለውን መፈክር ለዓመታት ሲጠቀምበት ተሳፋሪው ትኬቱ ላይ ያረጋግጠው ነበር።

ሦስተኛው ወንበር ይቺው ከተማችን ናት። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ሲመሠረት መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። ንጉሡ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የአፍሪካ አዳራሽን አሠሩና በ1961 ተመረቀ፤ አፈወርቅ ተክሌም የ150 ካሬ ሜትሩን ባለቀለም መስታወት ሠሩበት። በዚያው ዓመት የአፍሪካ መንግሥታት የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተባብለው ለሁለት ተከፍለው ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩና ንጉሡ የመረጡት መሃሉን ነው፤ የኛ ቡድን አፍሪካ ነው አሉ። ክፍቱ ወንበር የአስታራቂው ወንበር ነበር። በሜይ 1963 የ32 አገሮች መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ፤ በ1964 የካይሮ ጉባኤ አዲስ አበባን ቋሚ መቀመጫ አደረጋት። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ቤቱ ተሠራ፣ ከዚያ እንግዳው ተጠራ፣ ስሙ በመጨረሻ መጣ። ዛሬ ብዙ ከተሞች የሚጀምሩት ከስሙ ነው።

1984

አሁን አንድ ዓመት እንምረጥና ሦስቱንም ወንበሮች እንያቸው።

ጁን 1፣ 1984። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ ምንም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ፤ 12,082 ኪሎ ሜትር፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በጊዜው ክብረ ወሰን።

ሴፕቴምበር 1984። ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት አከበረ፤ ኢሠፓንም መሠረተ። ከተማዋ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በቅስትና በቀይ ባንዲራ አጊጣለች። ከውጭ ለመጣው እንግዳ እንድትታይ የተፈለገችው ኢትዮጵያ አደባባዩ ላይ ሰልፍ የምታሳየዋ ነበረች። ወሎና ትግራይ ውስጥ ደግሞ ሰው እያለቀ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ገና በማርች ለጋሾችን ተማጽኖ ነበር፤ ለጋሾቹም ዳተኛ ነበሩ። በበዓሉ ሰሞን ግን ድርቅ የሚለው ቃል ድግስ የሚያበላሽ ቃል ሆነ።

ኦክቶበር 23፣ 1984። ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። ጥቂት ደቂቃ ነው። በጁላይ 1985 የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ኢትዮጵያ የሚለው ስም አንድ ምስል ብቻ ሆነ። በውጭ አገር ያደጉ ዘመዶቻችንን ጠይቁ፤ ትምህርት ቤት ከየት እንደመጡ ሲናገሩ ምን እየተባለ እንደተቀለደባቸው።

"የ13 ወር ፀሐይ" ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚነበብ አስቡት። ለእረፍት የሚመጣ ሰው የሚመኛት ፀሐይና ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ የሚፈራት ፀሐይ አንዲቷው ፀሐይ ናት።

እዚህ ላይ "የፈረንጅ ሚዲያ ስማችንን አጠፋ" ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ስንዘጋም ኖረናል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ይህ ሁለተኛው ነበርና። በ1973 የወሎው ረሃብ ሲደርስ የንጉሡ መንግሥት ደበቀው፤ በኦክቶበር የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አጋለጠው። ደርግ ራሱ በሴፕቴምበር 1974 ንጉሡን ሊያወርድ ሲል ዋዜማውን ያንኑ ፊልም ቆራርጦ ለሕዝብ አሳየ። ድብቅ ረሃብ መንግሥት እንደሚጥል ከማንም በላይ የሚያውቅ ደርግ ነበር። በአሥር ዓመቱ ያንኑ ደገመው። ሁለቱም መንግሥታት ሥዕሉን ሲጠብቁ ሰውየውን አልጠበቁም። በስተመጨረሻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ሥዕሉም አልተረፈም። ባለቤቱ ዝም ባለበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ተቀመጠ፤ ደብተሩን ገፋ አድርጎ።

አየር መንገዱስ? በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገር ስም እየበረረ ቦታውን አልለቀቀም። የረሃቡን ምስል ቴሌቪዥን ላይ ያየ ነጋዴ ከናይሮቢ አክራ ለመሄድ ትኬቱን ይቆርጣል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ይመጣል። ቦታው የቆመው መፈክሩ ላይ ሳይሆን በየቀኑ በሚያርፈው አውሮፕላን ላይ ነበር። የቱሪዝሙ መፈክር ግን በ2016 "ምድረ ቀደምት" በሚለው ተተካ። አዲሱ መፈክር የሉሲንም፣ የቡናንም አገር በአንድ ቃል ይሰበስባል። ጥሩ ደብተር ነው።

ከርቸሌ ላይ የቆመው ሕንፃ

አዲስ አበባም ወንበሯን አልተነጠቀችም፤ ግን ተሞክሯል። ጋዳፊ በ1999 መሪዎቹን ሲርት ላይ ሰብስበው አዲስ ኅብረት ሲያሳውጁ የአፍሪካን ማዕከል ወደ ሊቢያ የመሳብ ፍላጎታቸው የተደበቀ አልነበረም። ኅብረቱ ተመሠረተ፤ መቀመጫው ግን እዚሁ ቀረ። ኤምባሲው እዚህ፣ አዳራሹ እዚህ፣ ከመላው አፍሪካ የሚያመጣው አውሮፕላን እዚህ። በ2012 ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር የሠራችው ባለ 99.9 ሜትር ሕንፃ ተመረቀ። ቁመቱ ራሱ የሲርቱ መግለጫ ቀን ነው፤ 9.9.99። የአፍሪካ አዳራሽም በ2024 ታድሶ እንደገና ተከፍቷል።

ያ ሕንፃ የቆመበትን መሬት ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከርቸሌ ነበር። ዓለም በቃኝ። በኖቬምበር 1974 የንጉሡ ባለሥልጣናት ያለፍርድ የተረሸኑበት፣ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ስንት ሰው የገባበት እስር ቤት። ፈርሶ ነው የአፍሪካ ኅብረት የተሠራበት። ለውጭ ሰው ቦታው "የአፍሪካ መዲና" ነው፤ ለእናቶቻችን ግን ስንቅ ይዘው የተመላለሱበት በር ነው። ስለ ዘር ማጥፋትና ስለ ሰብዓዊ መብት የሚመከርበት ግቢ ከዚህ የተሻለ መሠረት ባልነበረው ነበር፤ ታሪኩ ቢነገር። ባንናገረው ግን የ1984ቱን ቅስት መድገም ነው፤ ፊቱን አሳምሮ ጀርባውን መሸፈን።

የከተማ ቦታ አያያዝ ከኩባንያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የኤቪስ ደንበኛ ኤቪስ ውስጥ አይኖርም። ከተማ ውስጥ ግን ሰው ይኖራል። የመሪዎች ጉባኤ በመጣ ቁጥር መንገድ ይዘጋና ከቦሌ መገናኛ በእግራችን እንሄዳለን፤ የጎዳና ልጆች ድንገት ከመንገድ ይጠፋሉ፤ ከጉባኤው በኋላ ይመለሳሉ። ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ የተነሳው ክርክርም ሥሩ ይኸው ይመስለኛል፤ ከተማዋ የምትዋበው ለማን ዓይን ነው? ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት እኔም እወዳለሁ፤ ማታ ሥራ አምሽቼ ስገባ በደንብ እወደዋለሁ። ግን እዚያ መንገድ ላይ ቡና ታፈላ የነበረችው ሴትዮ የት ሄደች ብሎ መጠየቅም የከተማዋ ወዳጅነት ነው። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚለው ተረት ለሰው ብቻ አልተተረተም።

ኒው ዮርክን "የፍርሃት ከተማ" ያሏት የገዛ ሠራተኞቿ እንደነበሩ አትርሱ። ስለ አንድ ከተማ እንግዳ የሚያምነው ብሮሹሩን ሳይሆን የታክሲ ሹፌሩን፣ የሆቴል አስተናጋጇን፣ አጎት ቤት ያደረውን ዲያስፖራ ነው። እነሱ የሚናገሩት ደግሞ የኖሩትን ነው።

ለዚህ ነው "ምድረ ቀደምት"ም ሆነ "የአፍሪካ መዲና" ሲባል ስሰማ መፈክሩ ያምራል አያምርም ብዬ የማልጨነቀው። ሁለቱም ያምራሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ደብተሩ በደንብ ተቀምጧል፤ ዓለምም ለጊዜው ያምነዋል። እኔ የሚያስጨንቀኝ የላይብረሪው ሰዓት ነው።